ሚስ ኔልዳ ስለጎደለችው ጭራ

«ዘንድሮ ኮኩ ማማሩ፣ ሮዛልባ… አምና እኮ ውርጩ አበባውን ጨርሶት፣ አንድ ሳጥን ለማግኘት ሰው ሲለማመጥ ነው የከረመው። ሻዩን ጨምሪልኝ እስቲ የኔ እናት፣ በረዶም አትንፈጊኝ። ዛሬ ችሎቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ሰው ያቀልጣል። ደግነቱ ዳኛ ቲግ ለምሳ ቶሎ ለቀቁን…»

ይህን የሚሉት ሚስ ኔልዳ ናቸው። በአንድ የቴክሳስ ካውንቲ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ሠላሳ ስምንት ዓመት መጽሐፍ ሲያወጡና ሲመልሱ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ አራተኛ ዓመታቸው ነው። ጡረታ ወጡ ይባል እንጂ የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ማንም አልተቀበላቸውም፤ እሳቸውም ልመልስ አላሉም። ችሎት ባለ ቀን ሁሉ የመጨረሻውን አግዳሚ ይዘው ይቀመጣሉ። ለምሳ ሲለቀቅ ደግሞ ከአደባባዩ ማዶ ወዳለችው ምግብ ቤት ይሻገሩና አስተናጋጇን ሮዛልባን አቁመው ያወራሉ። ሮዛልባ መልስ የመስጠት ልማድ የላትም፤ የሻይ ጆጓን ይዛ ትሰማለች።

ዛሬ ከሚስ ኔልዳ ጀርባ፣ መደገፊያ ለመደገፊያ ተነካክቶ፣ ጠበቃ ሮስኮ ክላርነር ተቀምጧል። በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ ሥጋውን በነጭ መረቅ አጥለቅልቆ እየቆረጠ ነው። ደስ ብሎታል፣ ምን ይደብቃል? ጠዋት ነገሩ ሁሉ እንዳሰበው ሄዶለታል። ደንበኛው ከሂዩስተን መጥቶ ትልቁን የከብት እርባታ የገዛ ሰውዬ ነው፤ በገዛ በወሩ በሩ ላይ ሰንሰለት አሰረበት። በዚያ በር ደግሞ ወይዘሮ ኤውላሊያ ትሬቪኞ አርባ አንድ ዓመት ወደ ቤታቸው ሲገቡበት ኖረዋል፤ የባላቸው አስከሬን የወጣውም በዚያው ነው። ሌላው መንገድ የወንዝ አሸዋ ነው፤ በጋ ላይ ጎማ ይውጣል፣ ሲዘንብ ይሞላል። በሩ ከተዘጋ ሴትዮዋ ቤታቸውን ትተው መሄዳቸው ነው። እናም በሩ ይከፈትልኝ ብለው ከሰሱ።

ክላርነር በጽሑፍ ክርክሩ ላይ አንድ የቆየ ፍርድ መዘዘ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ምሥራቅ ቴክሳስ ያለ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የፈረደው ነው። በጎረቤት ደግነት በበር የሚያልፍ ሰው መቶ ዓመት ቢያልፍም መብት አያገኝም ይላል። የጠቀሱት ፍርድ ወደ ላይ ሄዶ ምን እንደገጠመው መጻፍ በዚህ አገር ግዴታ ነውና፣ ክላርነርም ከሥሩ ጻፈ፤ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የቀረበው አቤቱታ ተቀባይነት አላገኘም። አራት ነጥብ።

ዳኛ ቲግ እዚያች መስመር ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። እንዲህ ከሆነ እኔም እጄ ታስሯል፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እወስናለሁ ብለው ተነሱ። የወይዘሮ ትሬቪኞ ጠበቃ፣ ከሳን አንቶኒዮ በነጻ ልትከራከርላቸው የመጣችው ሴት፣ ወረቀቷን ታገላብጥ ጀመር።

«እኔ የምልሽ…» አሉ ሚስ ኔልዳ ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው፣ «የተማረ ሰው ደስ አይልሽም? እኔ ነፍሴ ነው። አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ፤ ስማቸው ምን ያደርግልሻል፣ ብቻ ትልቅ ሰው ናቸው። ጠበቆቹ የድሮ ፍርድ ሲጠቅሱ እንዴት አድርገው መጻፍ እንዳለባቸው የምታስተምር ትንሽ መጽሐፍ አለች፣ እሷን የጻፉ ናቸው። ሠላሳ ሁለት ገጽ። እንዴት ተጠንቅቀው መሰለሽ የጻፏት… ነጠላ ሰረዟ እንኳ የት እንደምትገባ፣ የት እንደማትገባ። እኔ ዕድሜዬን ከመጽሐፍ ጋር ጨርሼ እንደሳቸው ያለ ጠንቃቃ አላየሁም።»

ክላርነር ሥጋውን እያላመጠ ፈገግ አለ። መጽሐፏ የሱ ናት። በካውንቲው ውስጥ የሷን ቅጂ መሳቢያው ውስጥ ያላስቀመጠ ጠበቃ የለም፤ ዳኛ ቲግም አላቸው። ሚስ ኔልዳ ከኋላ መቀመጡን አይተው ሊያሞግሱት ፈልገው መሰለው። ዞር ብሎ አመሰግናለሁ ሊል ሲዳዳው፣ ትንሽ ይጨምሩ እስቲ ብሎ ተወው። ሙገሳ ሲጠገብ ያየ የለም።

ሚስ ኔልዳም ጨመሩ። ለሮዛልባ የጠበቆቹን ነገር ያስረዷት ጀመር፤ እሷ እንኳ ዓይኗ በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሰዎች ሒሳብ ላይ ነበር። ላይኛው ፍርድ ቤት የሚለመነውን ሁሉ እንደማይሰማ፣ አብዛኛውን አልቀበልም ብሎ እንደሚመልስ ነገሯት። ይህን ያህሉን ማንም ይገምታል። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን አለሳለሱ።

«ግን እኮ አልቀበልም ሁሉ አንድ አይደለም፣ ልጄ። ባዶውን አልቀበልም ካለ፣ የታችኞቹ ያሉት ልክ ነው፣ ቃላቸው ቃሌ ነው ማለቱ ነው። ያን ጊዜ አገር በሙሉ፣ ዳኛ ቲግም ጭምር፣ ይገዙለታል። አንዳንዴ ደግሞ ጭራ ይቀጥልበታል… ‹አልቀበልም፣ ለመሻር የሚያበቃ ስህተት የለበትም› ይላል። ስትሰሚያት ጭራዋ ሙገሳ አትመስልም? አይደለችም። የደረሱበትን አልነካባቸውም፣ ስለሄዱበት መንገድ ግን እኔን እንዳትጠይቁኝ ማለት ነው። እንዲያው አንቺው ፍረጂ፤ አንዱ በልቶ ሲወጣ እጅሽ ይባረክ ቢልሽ፣ ሌላው ደግሞ ሆዴን አላመመኝም ቢልሽ… እኩል ታይዋቸዋለሽ?»

ሮዛልባ ጆጓን እንደያዘች ሳቀች። ክላርነር ግን የቆረጠውን ሥጋ አፉ ጋ አድርሶ መለሰው።

ያቺን ጭራ ያውቃታል። ማክሰኞ ዕለት፣ እዚያው ቢሮው ውስጥ፣ በገዛ ዓይኑ አይቷታል። ከፍርዱ ኋላ ተንጠልጥላ ቁጭ ብላለች። ብዕሩን ይዞ ትንሽ ቆየ። ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው፣ ዛሬ ማን ይለየዋል አለ። ገጹም ሞልቷል አለ። ቢጠየቅ የቢሮ ጸሐፊዋ የመተየብ ስህተት ነው ሊል እንደሚችልም አሰበ። ይህን ሁሉ አስቦ አራት ነጥቧን አኖረ። ካኖራት በኋላ እንኳ ያን ያህል አልከበደውም ነበር።

«ገጽ ዘጠኝን በቃሌ ነው የማውቃት» አሉ ሚስ ኔልዳ፣ አሁን ደግሞ ድምፃቸው ማር ማር ይላል። «‹ጭራዋን የሚጥል ጠበቃ ፍርድ ቤቱን እያታለለ መሆኑን ይወቅ› ትላለች። በደማቅ ቀለም። እንዴት ያለ ንጹሕ አነጋገር ነው አይደል? እንዲህ የሚጽፍ ሰው ልቡም እንደዚያው ነው። እና ታዲያ ዛሬ ምን ብሰማ ጥሩ ነው? ጭራዋን የጣለ ሰው አለ። አዎ፣ እዚሁ እኛው ችሎት… እኔማ ምስኪን አልኩ። ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ምን ቸገረኝ፣ ብቻ ገጽ ዘጠኝን ያላነበበ ሰው መሆን አለበት። አንብቦማ ማን እንዲህ ያደርጋል? ያስጨነቁኝ እኚያ ትልቅ ሰው ናቸው። ይህን ቢሰሙ እንዴት ያዝናሉ። ይሄን ጊዜ ምስኪኑን ጎተት አድርገው፣ ና እስቲ ወንድሜ፣ መጽሐፌን ገዝተህ ታውቃለህ? ባሉት ነበር…»

የክላርነር ጆሮ ጫፉ ድረስ ቀላ። መረቁ ሳህኑ ላይ መርጋት ጀምሯል። ተነስቶ እንዳይሄድ ሒሳቡን አልከፈለም፤ ለመክፈል ደግሞ የሚጠራት ሮዛልባን ነው፣ ሮዛልባ ደግሞ በሚስ ኔልዳ ተይዛለች።

ሚስ ኔልዳ ወደ ዕድሜያቸው ዞሩ። ማርጀት ክፉ ነው፣ መርሳት አመጣሁ አሉ። ችሎቱ እንደተነሳ ጉጉት ይዟቸው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወርደው፣ ፍርዶቹ ወደ ላይ ሄደው የገጠማቸው የሚዘረዘርበትን መዝገብ አውጥተው አይተዋል። አይተው ግን ወደ መደርደሪያው አልመለሱትም። ሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ትተው ወጥተው የማያውቁ ሴት፣ ዛሬ ገልጠው፣ መስመሩ ሥር ቢጫ ወረቀት አስቀምጠው፣ ረስተውት መጡ።

«ያቺ ከሳን አንቶኒዮ የመጣች ጠበቃ ደግሞ ምግቧን በወረቀት ጠቅልላ ነው የመጣችው፤ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ የት አለ ብትለኝ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጠቆምኳት። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሳትበላ አትቀርም… ፍርፋሪ መጽሐፉ ላይ እንዳታራግፍበት ብቻ። ስንት ሰዓት ሆነ፣ ሮዛልባ? ሰባት ከአሥር? ገና ነው፤ አንድ ሰው የረሳውን ለማስታወስ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል።»

ክላርነር በመስኮቱ አየ። ወይዘሮ ትሬቪኞ ከፍርድ ቤቱ ፊት ከፔካን ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ከፎይል ውስጥ የቶርቲያ ቂጣ እየቆረሱ ይበላሉ። የክት ጫማቸውን አውልቀው ከጎናቸው አስቀምጠዋል፤ እግራቸውን ሳይጨምቃቸው አልቀረም። አፈረ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ፍርሃቱ ነበር የበለጠው፤ ጠበቃዋ መዝገቡን አይታ፣ ተነስታ፣ በሕዝብ ፊት ስታነብበት ታየው። ቀጥሎ ግን የሴትዮዋን ጫማ አይቶ ከልቡ አፈረ። የሥጋውን እጥፍ ዋጋ ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ። ሲያልፍ ሚስ ኔልዳ ቀና ብለው እንዴት ዋልክ፣ ሚስተር ክላርነር፣ ምነው ሳትጨርስ? አሉት። ዛሬ በስሙ የጠሩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ዳኛው ገና ወንበራቸውን ሳያመቻቹ ክላርነር ቆመ። ከጽሑፌ ላይ አንድ ነገር ጎድሏል አለ፤ ማን እንዳጎደለው አላለም። ከፍርዱ ኋላ ጭራ አለችበት፣ ስለዚህ ይህ ፍርድ ክቡር ፍርድ ቤቱን አያስገድድም ብሎ ተቀመጠ። ከሳን አንቶኒዮ የመጣችው ጠበቃ አፏን ከፍታ አየችው። ኋላ እንደተሰማው ምሳዋን የበላችው መኪናዋ ውስጥ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱን ፈልጋ አጥታው ነበር።

ዳኛ ቲግ መነጽራቸውን ደግመው አወለቁ። ዳኛ ከሆንኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ደንበኛውን የሚጎዳ ነገር በገዛ አፉ የተናገረ ጠበቃ ስንት አይቻለሁ ብዬ ብቆጥር አንድ እጄ አይሞላም አሉ። ጠበቃ ማለት ይህ ነው አሉ። ክርክሩ ተሰምቶ እስኪያልቅ በሩ ክፍት ይሁን፣ ሰንሰለቱም ዛሬውኑ ይፈታ ብለው አዘዙ። የሂዩስተኑ ሰውዬ ኮፍያውን አንስቶ ክላርነርን ሳያይ ወጣ። ወይዘሮ ትሬቪኞ ግን መጥተው እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ አሉት። እሱም ምንም አይደል፣ ሥራዬ ነው አለ። ሲለውም አመነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክላርነር ከሦስት ጠበቆች ጋር ምግብ ቤቷ ገባ፤ እነሱ ናቸው የጋበዙት። የኮክ ኬክ ታዘዘ። ከሰዓት ችሎት ያልነበሩት ንገረን አሉት፣ ነገራቸው። መጀመሪያ ሲነግራቸው ምሳ ላይ ትዝ አለኝ አለ። ሌላ ሰው መጥቶ ሲደግምላቸው ኅሊናዬ አላስበላኝም አለ። ሦስተኛ ሲያወራው ፍርዱን ካነበበ ጀምሮ አንድ ነገር ሲቆረቁረው የሰነበተ ሆነ፣ ደረቱም እየተነፋ መጣ። አንደኛው ጠበቃ ይህ ነገር በመጽሐፍህ ሁለተኛ እትም መግባት አለበት አለ። ክላርነር አስብበታለሁ አለ፤ እያሰበበትም ነበር።

ሚስ ኔልዳ የከሰዓቱን ችሎት ትተው ከቦታቸው አልተነሱም ነበር። የጎረቤት ጠረጴዛው ሳቅ ጋብ እስኪል ጠበቁ። ያን ሰሞን የሮዛልባ ትልቋ ልጅ የሕግ ትምህርት ቤት መግባቷ ተሰምቷል፤ ኦስቲን ናት፣ በመስከረም ትጀምራለች። ሚስ ኔልዳ የሮዛልባን እጅ ያዙና፣ ሳህን እንደያዘች አቆሟት።

«ስለ ልጅሽ ሰማሁ፣ እሰይ የኔ እናት። እንግዲህ ልመርቅልሽ፣ አሜን በይ። ዛሬ ዳኛው ያሞገሷቸውን ሰው ሰምተሻል አይደል? ልጅሽን እንደሳቸው የተማረች ያድርግልሽ… እንደሳቸው የተከበረች ያድርግልሽ። እግዚአብሔር ኅሊናዋን እንደሳቸው የነቃ ያድርግልሽ…» አሉ፤ ከኋላቸው የሹካ ድምፅ ጠፋ። «እንግዲህ እኔ ዘላለም አልኖር… ሐቅ መናገር ባለባት ቀን ሁሉ፣ ምሳዋን ስትበላ ከጀርባዋ ተቀምጣ ጮክ ብላ የምታወራ አሮጊት አያሳጣት።»