ካርታው የዋጣት ዳገት

ባለቤቴን ዳገት ያስወጣኋት በካርታ ስህተት ነው። መሠረት ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ ሳይክሏ ቡራዩ ቤታችን ግድግዳ ተደግፋ ከርማ ነበር። ሐኪሙ ንጂ ካላት በኋላም እኔ ዳገት እፈራላት ነበር። ስለዚህ እንደገና ለመጀመሪያ ጊዜ የምንሄድበትን መንገድ ኢንተርኔት ላይ በሁለት አፕ አየሁት። አንደኛው ከገፈርሳ ወዲያ ያለውን ሁሉ አቀበት አደረገው፤ ሌላኛው ሜዳ ነው አለኝ። ደስ ያለኝን አመንኩ።

በየሳይክላችን ገፈርሳን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ከባሕር ዛፉ ጀርባ አንድ ዳገት ብቅ አለ። ስልኬን ባየው አሁንም ሜዳ ነው ይላል። ለካ ከፍታውን እየዘለለ ስለሚለካ መሀል ላይ ያለችውን ዳገት ውጧታል። "መሲ፣ እንመለስ፤ ይሄ ነገር ዋሽቶናል" አልኳት። አንድ ባጃጅ ጠጋ ብሎ "ላድርሳችሁ?" አለ። "አንተ ሂድ፣ እንደርሳለን" አለችውና ማርሽ ቀይራ ተነሳች። ከኋላ ሆኜ የማየው ጉልበቷን ብቻ ነበር። ግማሽ ላይ ወርዳ ገፋች፤ ትንፋሿን ሰብስባ እንደገና ወጣችበት። አናቱ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የማለከልከው እኔ ነኝ።

"እውነቱን ነግሮህ ቢሆን ታመጣኝ ነበር?" አለችኝ።

ትናንት ለቅዳሜ የሱሉልታን መንገድ ላይላት ያንን አቀበት የሚያበዛውን አፕ ስከፍት ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች። በጣቷ ዘጋችውና "በዋሾው ፈልግልኝ" አለችኝ።