ለምክትላችን የሚሰፋ ኮት

እንደምን ዋሉ እማማ? ... አይ አይ፣ አይነሱ፣ አይናገሩ። በአፍዎ ያን ሁሉ ስፒል ነክሰው «ደህና ነኝ» ሊሉኝ ሲሉ አንዱን ቢውጡት ኃጢአቱ የኔ ነው። ራስዎን ብቻ ነቅነቅ ያድርጉልኝ። ... እንዲህ ነው፤ ይበቃኛል።

ሱሪ ለማሳጠር ነው የመጣሁት። እግሬ አጥሮ አይደለም፤ የሸጠልኝ ልጅ ሲለካኝ የሌላ ሰው እግር እያሰበ ነበር መሰለኝ። ግን አልቸኩልም፣ እዚህች ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ሱሪውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ላስቀምጠው... ትንሽ ከበድ ይላል፣ በግራ ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር ረስቻለሁ። ኋላ አወጣዋለሁ።

አንተስ ወንድሜ፣ ደህና ነህ? ዝም ብለህ ቁም፣ ለኔ ብለህ እንዳትዞር። በርጩማ ላይ ወጥተህ፣ ከአንገትህ እስከ ወገብህ በስፒል ተይዘህ ሳይህ... እንዴት ያምርብሃል። ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲህ ጸጥ ብለህ አይቼህ አላውቅም።

እማማ፣ ኮቱ የነገ ነው አይደል? ሰምቻለሁ። ነገ ጠዋት በወላጆች ስብሰባ ላይ ምክትል ርዕሰ መምህራችን ዋና ርዕሰ መምህር መሆናቸው ይነገራል። እግዜር ለወግ ለማዕረግ አብቅቶ ያሳየን። ... ይኸው! በስፒል መሃል አሾልኮ «አሜን» ማለት የሚችል ሰው ከእርስዎ ሌላ አላጋጠመኝም።

ታዲያ አንድ ነገር ላስቀድም። እኔ ስለ ምክትላችን ሳወራ እርስዎ ልጅዎን እያሰቡ አይስሙኝ። በርጩማው ላይ የቆመው ልጅዎ ነው፣ አብሮ አደጌ ነው፣ ስለ እሱ ምን ወጥቶኝ ምን እላለሁ? እኔ የማወራው ስለ ወንበሩ ነው። «ምክትል ርዕሰ መምህር፣ የተማሪዎች ጉዳይ» ተብሎ በር ላይ ስለተጻፈለት ወንበር። ስለ ወንበር ቢወራ ማን ይቀየማል?

መቼም ቀላል ወንበር አይደለም። ጠዋት ከዘበኛው ቀድሞ በር ላይ መቆም አለበት። ዘበኛው ተማሪ ያስገባል፣ ምክትላችን ያስገባውን መልሰው ያስወጣሉ። ካልሲው የተለየ፣ ፀጉሩ ጆሮው ላይ የደረሰ፣ በጠዋት ሳቅ ያበዛ... ሁሉም በሳቸው ዓይን ያልፋል። አንዲት ልጅ ማስቲካ እያኘከች መሆኗን ከሰልፉ ጫፍ ሆነው በጆሮዋ እንቅስቃሴ ያውቃሉ። ይሄ ተሰጥኦ ካልተባለ ምን ይባላል? እኔ እንኳ አፍንጫዬ ሥር የተቀመጠ ተማሪ እንቅልፍ እንደወሰደው የማውቀው ሲያንኮራፋ ነው።

ቢሯቸው ውስጥ ደግሞ አንድ ቁም ሳጥን አለ። የተወረሰ ኳስ፣ የተወረሰ ኮፍያ፣ የተወረሰ የኪስ መስተዋት፣ የተወረሰ ጊታር። ጊታሩ አሁን ክር የለውም፣ ሲገባ ነበረው። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈው እንደ ሽማግሌ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸውና «ምነው አትጫወቱም?» ብላቸው፣ «ጨዋታው ምክትል ጋ ነው» አሉኝ። እውነትም ኃላፊ ማለት እንዲህ ነው። የተማሪው ሕይወት አንዲትም ሳትጎድል ቁም ሳጥናቸው ውስጥ ተቀምጣለች።

የሐቀኝነት ክበብን ያቋቋሙትም እሳቸው ናቸው፤ ይሄን ነግሮዎታል? ግድግዳው ላይ «እውነት ተናገር፣ ነጻ ትወጣለህ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አሰቅለዋል። አባላቱ ጥቂት ናቸው። ሐቀኛ ልጅ ጠፍቶ አይደለም፤ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እውነቱን የተናገሩት በሙሉ በማግስቱ ወላጅ አምጡ ስለተባሉ ነው። የቀሩት ብልጦቹ ናቸው። ክበቡ ግን አለ፤ ዋናው መኖሩ ነው።

ባለፈው ሰልፍ ላይ ደግሞ ምን አሉ መሰለዎት? «እኔ በተማሪነቴ አንድም ቀን ለጥፋት ቢሮ ተጠርቼ አላውቅም።» ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ከሁሉም አብልጬ አጨበጨብኩ፤ እውነታቸውን ነዋ! ማንም ቢክድ እኔ እመሰክራለሁ። ለጥፋት ተጠርተው አያውቁም። ለጥፋት የሚጠራው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር...

ውይ! ወጉት እንዴ? ... እርስዎ አይደሉም እማማ፣ እሱ ነው የተነቃነቀው። የእርስዎ እጅማ እንደ ድሮው ነው።

ትከሻውን ሰፋ ያድርጉት እላለሁ፣ ዋና ርዕሰ መምህር ሲኮን ኃላፊነት ይበዛል። ግን ብዙም አይስፋ። የሳቸው ትከሻ ላይ ነገር አያድርም፣ ቶሎ ብለው አጠገባቸው ወደቆመው ሰው ትከሻ ያሸጋግሩታል። ይሄም ጥበብ ነው።

እኔም እኮ ለዚያ የምክትልነት ወንበር አመልክቼ ነበር፤ አልነገረዎትም? አዎ። ትምህርቴም አገልግሎቴም በቂ ነው ተባለ። ኋላ ግን አንድ ሰው ተነስቶ «እሱ እኮ በተማሪነቱ በዲሲፕሊን የተባረረ ነው፣ እንዴት የተማሪን ሥነ ምግባር ይጠብቃል?» አለ። ከዚያ ሁሉ ተሰብሳቢ መሃል የልጅነቴን ታሪክ ማን ሊያውቅ ቻለ ብዬ ገርሞኝ ነበር... አንዳንድ ሰው ስለ ወዳጁ ምንም ነገር አይረሳም። እንዲህ ያለ ፍቅር ከየት ይገኛል?

የኔስ ይሁን፣ ያለፈ ነገር ነው። ነገ ግን ከሹመቱ ጋር አንድ ሌላ ነገር ይነበባል አሉ። የማስተምራት አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ አለች። አጠገቧ ያለ ልጅ ሲሳሳት ላጲሷን ሳትጠየቅ የምታቀብል ዓይነት። ባለፈው ሳምንት መምህራን ሁላችንም ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ ተሰብስበን ሳለ አንዱ በሩን ከውጭ በሽቦ አሰረብን። ምክትላችን ስለ ሰዓት ማክበር እያስረዱን ነበር፤ እውነት ለመናገር በሩ ባይታሰርም ከዚያ ቀድመን አንወጣም ነበር። ኋላ በሩ ሲከፈት ልጅቷ ሽቦውን በእጇ ይዛ ቆማለች። «ልከፍትላችሁ ብዬ ነው» አለች። «ማን አሰረው?» ሲሏት... ዝም። ጓደኛዋን አሳልፋ አልሰጥም ብላ መሆኑ ፊቷ ላይ ይነበባል። ምክትላችን ግን ፊት አያነቡም። «እጁ ቁልፍ ላይ የተገኘ፣ የቆለፈው እሱ ነው» አሉ፣ ሽቦውን ቁልፍ ብለውት፣ አለቀ። ነገ በወላጆች ፊት መባረሯን ያነባሉ። በዚሁ ኮት።

ፍጥነቱ አይደንቅም? ሌላው ሰው አጣርቶ ጠይቆ የሚደርስበትን እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ይሄ ከመጽሐፍ አይገኝም፣ ከልምድ ነው። የልጅቷ አባት መጥቶ ነበር፤ ተቀመጥ ቢሉትም ሳይቀመጥ ወጣ። እኔም እስኪ አንዴ ያስቡበት ብዬ ቢሯቸው ብገባ «አንተ መቼም ለአጥፊ ታዝናለህ» አሉኝ። እንዴት እንደሚያውቁኝ! አዝናለሁ እማማ። ለአንዱ አጥፊ ይኸው ስንት ዘመን ሙሉ አዝኜለታለሁ።

ነገሩ የድሮውን አስታወሰኝ። እኔ አንድ ዓመት ከትምህርት የተባረርኩበትን ጊዜ መቼም አይረሱትም። «ልጄን አታበላሽብኝ» ብለው ይሄን በር የዘጉብኝ ያኔ ነው። ... ኧረ ቅር ብሎኝ አይደለም! እናት ነዎት፣ እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እዘጋው ነበር። ከዚያ በፊት ግን እዚህ ቤት ሁለት ልጅ አለ ነበር የሚባለው። የአንዳችን ሱሪ ጉልበቱ ላይ ሲቀደድ፣ የሌላውም መቀደዱ አይቀርም ብለው ሁለቱንም አብረው ነበር የሚጥፉት። በሩ ሲዘጋብኝ ከሁሉ በላይ የናፈቀኝ ያ የስፌት መኪናዎ ድምፅ ነው።

ያን ቀንም መምህራኑ ለሻይ ማረፊያ ክፍላቸው ገብተው ነበር። አንድ ልጅ... መልኩ ጠፍቶብኛል፣ ዘመኑ ራቀ... ከቦርሳው ጓጉንቸር አወጣና በሩ ላይ ቀጭ አደረገው። መክፈቻውን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለው። እየሳቀ ነበር፤ ክፉ ልጅ አልነበረም። የሒሳብ መምህራችን በመስኮት ሊወጡ ብለው ወገባቸው ላይ ተቀርቅረው ቀሩ። ከውስጥ ሁለት ሰው ይገፋቸዋል፣ እሳቸው ግማሽ አካላቸው ውጭ ተንጠልጥሎ «አንተ፣ ሸሚዝህን ሱሪህ ውስጥ አስገባ» ይሉኛል። እኔ በዚያ ሰዓት ጓጉንቸሩን በሁለት እጄ ይዤ እጎትታለሁ። ልከፍትላቸው። በባዶ እጅ የተከፈተ ጓጉንቸር አይተው ያውቃሉ? ሞኝ ነበርኩ። ርዕሰ መምህሩ በሌላው መስኮት ዘለው ሲመጡ እጄ ቁልፉ ላይ ነበር።

«አንተ ነህ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። የቆለፈው ልጅ ለምስክርነት ተጠራ፤ ለጥፋት አይደለም፣ ለምስክርነት። አሁን እውነቱን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። እያለቀሰ ነው የመሰከረው። ያ እንባ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል፣ የምር እንባ ነበር። «እሱ ሲቆልፍ አይቻለሁ» አለ። በሳምንቱ የክፍል አለቃ አደረጉት፤ እኔ ቤት ዋልኩ። ድልድይ እሠራለሁ እያልኩ አሰለችዎት አልነበር? የምህንድስናው ዕድል በዚያው ዓመት አመለጠኝ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ታሪክ ደረሰኝ። ይኸው ሌላ ሰው የሠራውን ድልድይ ማን እንዳፈረሰው አስተምራለሁ።

ርዕሰ መምህሩ ጓጉንቸሩን በመጋዝ ካስቆረጡት በኋላ «ንብረትህን ውሰድ» ብለው እጄ ላይ አኖሩልኝ። ንብረቴ! የኛ ቤት በር እኮ በገመድ ነበር የሚታሰረው። ጓጉንቸሩ ወፍራም ናስ ነው። አንገቱ ላይ ደግሞ ቀይ ክር ጥብቅ ተደርጎ ተጠምጥሞበታል፣ ጫፉ በስፌት ቋጠሮ የተቋጠረ...

ምነው እማማ? ለምን አቆሙ? ... መቀስዎን ነው የሚያዩት? አዎ፣ እሱም ላይ ቀይ ክር አለ። ሜትርዎም ላይ፣ የመኪናው እጀታም ላይ። የእማማ ዕቃ በክሩ ይታወቃል ሲባል ነው ያደግነው። ያን ሰሞን የሱቅዎ ጓጉንቸር ጠፍቶብዎት ጎረቤቱን ሁሉ ጠይቀው ነበር መሰለኝ... ላመጣልዎት ፈልጌ ነበር። ግን በሩ ተዘግቶብኛል፤ ደግሞስ «የሰረቅከውን ነው የምትመልስልኝ?» ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? የዚህ ቤት ልጅ ያልሆነ ሰው ከዚህ ቤት ዕቃ ጋር ሲገኝ፣ ማን ይታመናል?

እኔን አይዩኝ እንጂ... እህ፣ እኔን አይደለም ለካ የሚያዩት። አንተ ወንድሜ፣ ምነው እንዲህ አላበህ? ገበሩ ይበላሻል እኮ፤ አዲስ ኮት ነው። ተወው፣ አትናገር፣ ስፒሉ ይወጋሃል።

ስፒሎቹን አወጧቸው እማማ? ጥሩ፣ ትንሽ ይረፉ። እኔም ልሂድ፣ ብዙ አወራሁ። ሱሪውን ትቼዋለሁ፣ አያስቸኩልም። በግራ ኪሱ ውስጥ ያለው ግን የኔ አይደለም፣ የእርስዎ ነው። የተቆረጠ ነው፣ አይቆልፍም፤ ክሩ ግን እንዳለ አለ። እጅዎን የሚያውቅ ክር ነው።

ነገ ጠዋት ልጅዎን ኮቱን አልብሰው ሲሸኙት፣ ምናልባት ምክትላችንን በር ላይ ካገኟቸው አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። እጁ ቁልፍ ላይ የተገኘ ሁሉ፣ የቆለፈው እሱ ነው ወይ? ልጅቷ ከአባቷ ጋር ስብሰባው ጫፍ ላይ ትቆማለች። እኔም አጠገቧ ነኝ። መልሱን ከእርስዎ አልጠብቅም፤ ከመድረኩ ላይ እሰማዋለሁ።

ሳልመርቅ ግን አልወጣም፣ አሳድገውኛል። ወንድሜ፣ ከፍ ከፍ በል። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ወንበርህ ይደላደል፣ ኮትህ ይመርልህ። ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረብህ ቀን፣ እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አጠገብህ የቀረ ቀን... ያ ሰው ልክ እንዳንተ ያለ ጓደኛ ይሁንልህ።

አሜን ይበሉ እንጂ እማማ... አሁን እኮ አፍዎ ውስጥ ስፒል የለም።