በድኝ የታፈነው መዳብ

የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ዳገቱ ላይ ጉልበት ከድቶት መንፏቀቅ ሲጀምር ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጬ ነበር። ሹፌሩ «ብረቱ» የሚል ቅጽል ስም የወጣላቸው፣ ዕድሜያቸውን በመሪ ላይ የፈጁ ሽማግሌ ናቸው፤ አውቶቡሱም የራሳቸው ነው። ፊታቸው የበራችውን ቢጫ መብራት በጥፍራቸው ቆርቆር አድርገው፣ «አንቺ ደግሞ ምን ሆንኩ ትያለሽ!» ብለው ተቆጧትና ዳገቱ አናት ላይ ካለ ጋራዥ ገቡ።

ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወደ ሌላ መኪና ሲዛወር እኔ ቀረሁ። አጠገቤ የነበረችው ወጣት የሹፌሩ የእህት ልጅ ናት። በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የመኪና ጭስ እንደምትመረምር በመንገድ ስታጫውተኝ ነበር፤ እኔም አስተማሪ ነኝና የተጀመረ ጨዋታ ጥዬ መሄድ አይሆንልኝም።

መካኒኩ የምርመራ መሣሪያውን ሰክቶ ጥቂት ካየ በኋላ፣ ከጭስ ማውጫው፣ ከማርሚታው ጋር የተያያዘውን ትልቅ የብረት ሳጥን በመፍቻ መታ መታ አደረገው።

«ጋሼ፣ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። የጭስ ማጣሪያዎ አልሠራ ስላለ ነው ኮምፒውተሩ የሞተሩን ጉልበት የያዘው።»

«ታዲያ ቁረጠዋ! ሆዱን ባዶ አድርግና መልሰህ በይደው። ኮምፒውተሩንም እንደ ምንም አታለው። ጓደኞቼ ሁሉ እንዲያ አድርገው ነው የሚነዱት።»

«አጎቴ፣» አለች ልጅቱ፣ «ከመቆረጡ በፊት አንድ ጊዜ ይስሙኝ።»

«ተናገሪ ልጄ። ግን ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ እንዳትቀየሚኝ።»

«ለእራት ካልበቃ ለቁርስ ይሁንልን።»

ሽማግሌው ሳይወዱ ሳቁ። «እሺ፤ ጭሴን አይተሽዋል? ጥቁር አይደለም። ምኑ ነው የሚጣራው?»

«ጥቁሩ ጥላሸት ነው፤ እሱ የሚታይ ጠላት ነው። ይህ ሳጥን የሚከላከለው ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለውን የማይታይ ጋዝ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ዚዮላይት የሚባል ነገር ተለስኗል። ለዓይን ዱቄት ይመስላል እንጂ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች ያሉት ሕንፃ ነው፤ በየክፍሉም መዳብ አለ። እርስዎ በጎን በኩል የሚሞሉት የዩሪያ ፈሳሽ ሲሞቅ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያውና መርዛሙ ጋዝ መዳቡ ዘንድ ተገናኝተው ውሃና ናይትሮጅን ሆነው ይወጣሉ። ናይትሮጅኑም ይኸው የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ሞልቶ ያለው ነው።»

«ደግ። ታዲያ ደግ ነገር ለምን ዕድሜ የለውም? ሞተሩ ስንት ዘመን ሲያገለግለኝ ይኸ ሳጥን ገና በጠዋቱ ከዳኝ!»

ሽማግሌው ይህን ያሉት በግትርነት ብቻ አልነበረም። መንገድ መሐል የከዳውን ዕቃ ማን ያምናል? ልጅቱም ይህን አውቃ ለመርታት አልቸኮለችም።

«እውነትዎን ነው። የእኔም ሥራ ይኸው ነው፤ ስንት ዘመን ይቆያል የሚለውን መፈተን። ከእንዲህ ያለ ሳጥን ቁራጭ ወስደን ምድጃ ውስጥ እንከትና የዓመታት መከራውን ቶሎ እንዲያይ በእሳትና በእንፋሎት እናሰቃየዋለን።»

«ድንጋይ መቀቀል በይኛ! እህቴ ለዚህ ነው ያስተማረችሽ?»

«ለዚሁ ነው፤ ተቀቅሎም የማይፈርሰውን ለመለየት። የዱሮዎቹ ዚዮላይቶች የክፍሎቻቸው በር ሰፊ ነበርና ቶሎ ይፈርሱ ነበር። የአሁኖቹ በራቸው ጠባብ ነው፤ ይጸናሉ። ቢሆንም ከልክ ያለፈ ሙቀት ከእንፋሎት ጋር ሲበረታባቸው ግድግዳው ይናዳል፤ መዳቡም ከየክፍሉ ወጥቶ ይጓጉላል። ያ አይመለስም። ከናፍጣ ጋር የሚገባው ድኝ ግን ሌላ ነው። መዳቡ ላይ ተለጥፎ ያፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ በልኩ ሲያግሉት አብዛኛው ይለቃል። ለመሆኑ ናፍጣ ከየት ነው የሚቀዱት?»

ሽማግሌው አገጫቸውን አከኩ። «ከበርሜል። መንገድ ዳር ካለው ሰውዬ።»

«እንግዲያው ድኙ የገባው በዚያ ይመስለኛል።»

«እና ሞቷል ወይስ ታሟል?»

«ሳይሞከር አላውቅም። የታመመ ይመስለኛል። ሞቶ ከተገኘ አልደብቅዎትም።»

«ይሁንና ይህን ሁሉ ድካም ለማላውቀው መንገደኛ ሳንባ ብዬ?»

ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አክስቴ ቲኬት የሚቆርጡት የት ሆነው ነው?»

ባለቤታቸው በአውቶቡስ ጣቢያው የቲኬት ቆራጭ ናቸው። መስኮታቸው የሚከፈተው መኪኖቹ ሞተራቸው ሳይጠፋ በሚደረደሩበት በኩል፣ ልክ በጅራታቸው አቅጣጫ ነው።

«ሳሏም የጉሮሮዋ መቃጠልም ከአቧራው ነው፣» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

«ከአቧራም ይሆናል። ሁሉ በዚህ ጋዝ ነው ብዬ አልዋሽም። ግን ሳል ባለበት ሰው ላይ እንደሚያባብሰው የታወቀ ነው።»

ሽማግሌው አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ፤ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ ለመካኒኩ፣ «መቁረጫውን አስቀምጠው፣» አሉት።

የበርሜሉ ናፍጣ ተቀድቶ ወጣ፤ ከማደያም ድኙ ያነሰ ንጹሕ ናፍጣ መጣ። መካኒኩ አውቶቡሱን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ሰውን ሁሉ አርቆ፣ በመሣሪያው ትእዛዝ ጭሱ እንዲግል አደረገ። ልጅቱ ከሙቀት ቁጥሩ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም፤ «ከዚህ በላይ እንዳታስኬደው! ይህን ካለፈ ማዳን ሳይሆን መግደል ይሆናል፣» ትለው ነበር። ከዚያ አራታችን ተሳፍረን ዳገቱን ወረድንና መልሰን ወጣን። አውቶቡሱ ወጣ! ቢጫዋ መብራት ጠፋች። ሽማግሌው መሪውን እንደ ፈረስ አንገት ደባበሱት።

«እንደ አዲሱ አልሆነም፣» አለች ልጅቱ የመሣሪያውን ንባብ አይታ፤ «ግን ለሥራው ይበቃል።»

«እኔስ እንደ አዲሱ ነኝ እንዴ!» አሉ ሽማግሌው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጣቢያው ስደርስ ብረቱ አንድ ወጣት ሹፌር ክንድ ይዘው ሲመክሩ አገኘኋቸው። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። ናፍጣህን ከማደያ ቅዳ፤ ዩሪያህን አታጓድል፤ መብራቷ ስትበራ ሳትውል ሳታድር አስመርምራት። ሳጥኑ ይቆይልሃል፤ ሞተሩ ጉልበቱን አይነፍግህም፤ መንገደኛህን ዳገት ላይ አታወርድም። ከኋላህ የቆመ ሰውም ደኅና ይተነፍሳል። በል አሁን ቆመህ ስትጠብቅ ሞተሩን አጥፋ።» ወጣቱ እየሳቀ አጠፋ። ቀጥሎ ያለውም አጠፋ።

የባለቤታቸው ሳል ጨርሶ እንዳልለቀቃቸው፣ ሐኪም ዘንድም እንደሚመላለሱ ሰማሁ፤ የጉሮሯቸው መቃጠል ግን ቀለል ብሏል። እኔም ወደ መስኮቱ ተጠግቼ የምሳፈርበት መኪና የቱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ከሞተር ጩኸት ጋር ሲታገሉ የኖሩት ሴት በለመዱት መሠረት ለመጮኽ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሞተራቸውን አጥፍተው የቆሙትን መኪኖች አዩና ፈገግ አሉ፤ በለሆሳስም፣ «ከወዲያ ዳር ያለው ነው፣ ልጄ፣» አሉኝ።