በራሱ ይመለሳል

ክቡራትና ክቡራን የጥገና ክፍል ባልደረቦቼ፣ እኔን ለመሸኘት ብላችሁ ሥራ ስላቆማችሁ አመሰግናለሁ። ሥራ ማቆም ለእናንተ ያን ያህል ከባድ ባይሆንም።

ቁመቴን አይታችሁ «ብሎን» ያላችሁኝ እኔ፣ በቅድሚያ ከባድ ኃጢአቴን በትሕትና ልናዘዝ፤ የጋሼ ፎርማንን ኮፍያ ከመስቀያው ያወረድኩት እኔ ነኝ። አይነሡ ጋሼ፣ አልጠፋም። ይኸው ከኋላዬ፣ መሞከሪያው ላይ በተጋደመው ሲሊንደር ዘንግ ጫፍ ተንጠልጥሏል።

አሁን ወደ ንዴቴ። እንዲህ በተጋደመ ሲሊንደር የሚገፋው የቆሻሻ መኪናው መጭመቂያ ወደፊት ሄዶ እዚያው ሲቀር ምን ተባለ? «ልጅቷ ነካክታው ነው!» ወሬው ዕቃ ክፍል ደረሰና እዚህ ያስገባችኝ አክስቴ አኮረፈችኝ። አክስቴ፣ ፊት ለፊቴ ነሽ፤ ዛሬ እንኳን ስሚኝ።

የመመለሻውን ቱቦ ከሲሊንደሩ ነቅሎ የቱቦውን አፍ የደፈነው ማን ነው? እኔማ ለምኜ ነበር።

«ጋሼ፣ ዘይቱ ከኋላ በኩል ገብቶ ፒስተኑን ይገፋል፣ ከፊት በኩል ገብቶ ደግሞ ይመልሰዋል። ሁለቱም ቱቦ ያስፈልጋል።»

«ትናንት የተወለድሽ! እኔ ገልባጭ መኪና ሥር የሸበትኩ ሰው ነኝ። ሲሊንደር ሥራው መግፋት ነው፤ መመለሱንማ በራሱ ይመለሳል!»

እውነት ነው፣ የገልባጭን ሽቅብ የተነሣ የጭነት ሳጥን የራሱ ክብደት ያወርደዋል። ተጋድሞ የሚገፋውን ግን ምን ይመልሰው? የእርስዎ ሽበት? ልክ ሲሆን የሽማግሌ፣ ሲበላሽ የልጅ! ግፍ አይደለም ወይ?

እንግዲህ ሁለቱም ቱቦ የተገጠመለትን የዚህን ሲሊንደር ማንሻ ወደፊት ልግፋ። አያችሁ? ኮፍያው ከአሮጌው ዘይት ገንዳ በላይ ደረሰ። እጄንም ከማንሻው አነሣሁ። ጋሼ እንዳሉት በራሱ እስኪመለስ ልመርቃችሁ።

ወገባችሁን ያጽናላችሁ። የሚተካኝ ልጅ የሚነግራችሁ ነገር የሚገባበት ሁለተኛ ቱቦ ይስጣችሁ። ጥፋታችሁን በሰው ልጅ ከማላከክ ይሰውራችሁ።

ጋሼ፣ ተመለሰ እንዴ? ገና ነው? እንግዲያው ምርቃቱን ላርዝመው። ትንሽ ንፋስ አለ መሰለኝ፣ ኮፍያዎ ወደ ገንዳው እያዘነበለ ነው። አክስቴ፣ አየሽ አይደል? ማንም አልነካካውም።

ዕድሜና ጤና ለሁላችሁ፣ የልጅ ልጅ...

«ብሎን! አንቺ ብሎን! ኮፍያዬ ሊገባ ነው! ምን ታዪያለሽ፣ ማንሻውን መልሺው እንጂ!»