ካርድ የማያወጣው ማደሪያ

(ጥቅምት አጋማሽ፣ ከቀትር በኋላ። በቆላ አገር ያለ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ የክሊኒኩ የጓሮ በር። የወንዶች ማደሪያ ኃላፊ መምህር አጥናፉ ካፖርት ለብሰው ከነርሷ ከሲስተር አመለወርቅ ጋር ይከራከራሉ።)

አጥናፉ፦ ካርድ አላወጣም አልኩሽ እኮ! ክኒኗን ብቻ አቀብዪኝና ልሂድ።

አመለወርቅ፦ ጋሽ አጥናፉ፣ ይሄ ሱቅ አይደለም። ያለ ካርድ ክኒን የለም። ደግሞ ምን ሆነው ነው በጓሮ የመጡት?

አጥናፉ፦ በፊት ለፊቱ በር ተማሪ ያየኛል።

አመለወርቅ፦ ቢያይዎትስ?

አጥናፉ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰልፍ ላይ ቆሜ «የኔ ልጆች የክሊኒኩን በር እንኳ አያውቁትም» እያልኩ ስፎክር የኖርኩ ሰውዬ ነኝ። ዛሬ ካፖርት ለብሼ ስገባ ቢያዩኝ ምን ይሉኛል?

አመለወርቅ፦ ታመሙ ነዋ የሚሉት። ይልቅ ይግቡና ይቀመጡ። ምንዎን ነው ያመመዎት?

አጥናፉ፦ ምንም። ጉንፋን ቢጤ ናት።

አመለወርቅ፦ ጉንፋን ነው በዚህ ሙቀት ካፖርት ያስለበሰዎት?

አጥናፉ፦ ካፖርቱ ለክብር ነው።

አመለወርቅ፦ ጥርስዎም የሚንገጫገጨው ለክብር ነው?

አጥናፉ፦ እሱ እንኳ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ተማሪ ጸጥ ሳሰኝ ኖሬ የራሴን መንጋጋ ጸጥ ማሰኘት አቃተኝ።

አመለወርቅ፦ እስቲ ይቺን ብብትዎ ሥር ያድርጓት። … ዝም ብለው ይቆዩ እንጂ። … አምጧት። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት።

አጥናፉ፦ በኔ ትምህርት ሠላሳ ዘጠኝ መውደቅ ነው።

አመለወርቅ፦ በኔም መውደቅ ነው። ጣትዎን ይስጡኝ።

አጥናፉ፦ ልትወጊኝ?

አመለወርቅ፦ አንዲት ጠብታ ደም ናት። ለወባ ምርመራ።

አጥናፉ፦ መርፌ ፈርቼ አይደለም ፊቴን የማዞረው። ግድግዳው ላይ ያለችውን ማስታወቂያ ላንብብ ብዬ ነው።

አመለወርቅ፦ ያንብቧት፤ ስለ አጎበር ናት። … በቃ፣ አለቀ። ውጤቱ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። እስከዚያ ካርዱን ልሙላ። ሙሉ ስም?

አጥናፉ፦ አመለወርቅ፣ በእናትሽ! ሽልማቱ እኮ ቅዳሜ ነው። አራት ቀን ነው የቀረው።

አመለወርቅ፦ ያ የጤናማ ማደሪያ ውድድር?

አጥናፉ፦ አዎ። ጥቂት ካርድ ያወጣ ማደሪያ ዋንጫውን ይወስዳል። እኛ ከመስከረም ጀምሮ ዜሮ ነን። ኃላፊውም እንደ ነዋሪ ይቆጠራል ተብሏል።

አመለወርቅ፦ ይሄን ሕግ ያወጣው ማን ነው?

አጥናፉ፦ … እኔ። በመምህራን ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ። ሁሉም አጨበጨበልኝ። ጤና ያመጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያመጣሁት ዋንጫ ነው።

አመለወርቅ፦ እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ስድሳ ልጅ ወር ተኩል ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሆዱን አያመውም? የናንተን ዜሮ ባየሁ ቁጥር «ተመስገን፣ ሥራ ቀለለልኝ» እያልኩ ሹራቤን እሠራ ነበር።

አጥናፉ፦ ሹራቡ አለቀ?

አመለወርቅ፦ ሁለተኛውን ጀምሬያለሁ። አሁን ይንገሩኝ፣ አጎበር ውስጥ ነው የሚተኙት?

አጥናፉ፦ እ… አጎበሩ ለሌላ ሥራ ተፈልጎ…

አመለወርቅ፦ ለምን ሥራ?

አጥናፉ፦ ለጎል።

አመለወርቅ፦ ለምን?

አጥናፉ፦ የኳስ ሜዳው ጎል መረብ አልነበረውም። ልጆቹ አሳዘኑኝና የራሴን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከዚያ ሌላኛው ጎል ሲቀናብን የልጆቹን ሦስት አራቱን አያያዝንና ሰፋነው። ያምራል እኮ፣ አላየሽውም?

አመለወርቅ፦ አይቼዋለሁ። ወባን የሚከላከል የመጀመሪያው በረኛ ብለው ይጻፉበት።

አጥናፉ፦ ሳቂብኝ፤ ይገባኛል። ያቺን ማስታወቂያ ደግሞ እዚያ ግድግዳ ላይ የለጠፍኳት እኔው ነኝ። የጤና ክበቡ ሰብሳቢ ነኝ እኮ!

አመለወርቅ፦ ውጤቱ ደርሷል።

አጥናፉ፦ ጉንፋን በይኝ።

አመለወርቅ፦ ወባ ነው፣ ጋሽ አጥናፉ።

አጥናፉ፦ እንግዲያው ክኒኑን ስጪኝና እዚሁ ልዋጠው። ካርዱን ደግሞ እሑድ እንጻፈው፤ ቀኑን ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ነው የምንገፋው። ማን ይጎዳል?

አመለወርቅ፦ ማን እንደሚጎዳ እንጃ። ማደሪያው ውስጥ ሌላ የሚያተኩሰው ልጅ የለም?

አጥናፉ፦ ማንም የለም። ትናንት ማታ እየዞርኩ ጠይቄያለሁ። «የታመመ አለ?» ስል ሁሉም ባንድ ድምፅ «የለም!» አሉ።

አመለወርቅ፦ ሁሉም ራት በሉ?

አጥናፉ፦ በሉ። አብዱልሰመድ ብቻ ቀረ። ሦስት ቀኑ ነው ካልበላ። ጾም ይዣለሁ አለኝ፤ እኔም በርታ ብዬው አለፍኩ።

አመለወርቅ፦ የምን ጾም?

አጥናፉ፦ የጽጌን መስሎኝ። ወቅቱ ነው አይደል?

አመለወርቅ፦ አብዱልሰመድ? የጽጌን ጾም?

አጥናፉ፦ ወይኔ ሰውዬው። ብርድ ልብሱን እስከ ዐናቱ ተከናንቦ ነበር። «ዱአ እያደረገ ነው፣ አትረብሹት» ብለው ጓደኞቹ ዙሪያውን ተቀመጡበት። እኔ ደግሞ በሃይማኖቱ መበርታቱ ደስ ብሎኝ መብራት አጥፍቼ ወጣሁ።

አመለወርቅ፦ ሦስት ቀን ካልበላና ከተከናነበ… ወባ ጭንቅላት ላይ ከወጣ እኮ ጊዜ አይሰጥም። ዛሬ ጠዋት አይተውታል? ያናግራል?

አጥናፉ፦ ጠዋት ስሙን ስጠራ «አቤት» ያለው ሌላ ልጅ ነው። ድምፁን ለየሁት። ለየሁትና ዝም አልኩ፣ አመለወርቅ። ዋንጫው ይቀርብናል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

አመለወርቅ፦ ይሁን፣ አሁን ቁጭ ብሎ መጸጸቻ ጊዜ አይደለም። ሹፌሩን ልጥራ፣ ሆስፒታል የሚሄድ ከሆነ መኪናው ይዘጋጅ። እርስዎ ክኒንዎን ይዋጡ።

አጥናፉ፦ ካርዴን መጀመሪያ ጻፊው።

አመለወርቅ፦ አሁን ካርድ የሚሉት…

አጥናፉ፦ ጻፊው ብዬሻለሁ! አጥናፉ ገብረየስ፣ ወባ፣ የዛሬ ቀን። እሱን ይዤ ሄጄ ልጆቹ ፊት እዘረጋዋለሁ። ዋንጫው ዛሬ እንዳለቀለት ካላዩ ማንም ብርድ ልብሱን አይገልጥም።

አመለወርቅ፦ ይኸው። ይያዙት። እግርዎ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ይደገፉኝ።

አጥናፉ፦ ይንቀጥቀጥ፤ የሥራውን ነው ያገኘው።

አመለወርቅ፦ ስንት አልጋ ላንጥፍ? ከአብዱልሰመድ ሌላ ስንት የታመመ አለ?

አጥናፉ፦ እሱን አንቺ ገብተሽ ጠይቂያቸው። እኔን እንዳይነግሩኝ ያስተማርኳቸው ራሴ ነኝ።