ከጅዳ በሻንጣ የመጣው መድኃኒት

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፣

ይህን የጡረታ መሸኛ ድግስ ያሰናዳችሁልኝን ሁሉ አላህ ያክብርልኝ። ማይክሮፎንም ተከራይታችሁልኛል። አልጠቀምበትም። ዕድሜ ልኬን «ቀስ በሉ» ስላችሁ ኖሬ ዛሬ ብጮህ ማን ያምነኛል?

ብዙዎቻችሁ ጸባየ ክፉ ናት ትሉኛላችሁ። ሰምቻለሁ። ክፍላችን ጸጥ ያለ ስለሆነ ሹክሹክታ ሳይቀር ይሰማል። ጸጥ ያልነው ለምን እንደሆነ ግን ለአዲሶቹ ልንገራቸው።

የሁስኒያን ልጅ የምታስታውሱ አላችሁ። የዚሁ የደሴ ፒያሳ ጨርቅ ነጋዴ የሐጂ ሙንዚር የልጅ ልጅ ናት። ገና እንደተወለደች ጠቆረች። ኦክስጅን ብንሰጣት፣ በመተንፈሻ ማሽን ብናግዛት፣ ያው ናት። ዶክተራችን ዐቂል ሐጂን አስቀምጦ፣ የሳንባዋ ደም ስሮች ስትወለድ መከፈት ሲገባቸው ተጨምድደው መቅረታቸውን አስረዳቸው። እንደ ጭጋግ ተተንፍሶ ሳንባ ድረስ የሚገባ መድኃኒት አለ፣ እኛ ጋ ግን የለም አላቸው።

ሐጂ ደሴ ውስጥ የማይገኝ ዕቃ እንዳለ ሲነገራቸው የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። «ጅዳስ?» አሉ። ወንድማቸው ጅዳ ነው የሚኖረው። በማግስቱ መድኃኒቱ ከቴምር ጋር በአንድ ሻንጣ ገባ። ቴምሩን እኛ በላነው።

ጭጋጉን በመተንፈሻ ቱቦዋ ሰጠናት። ቀስ በቀስ ከንፈሯ ቀላ። ይህን አያቷ እትዬ ቱርኪያ በመስታወቱ አዩ። የወሎ ሴት ናቸው፣ ምን ያድርጉ? እልል አሉ። ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ሴቶችም ምን እንደተፈጠረ ሳያውቁ ተቀበሏቸው። ልጅቱ ደነገጠች፤ ደም ስሮቿ ተመልሰው ተጨመደዱ። ማሽኑም የማስጠንቀቂያ ጩኸቱን ለቆ እልልታውን ተቀላቀለ።

እንዲህ የታመመ ሕፃን ድምፅ አይችልም፣ እጅ አይችልም። ዐቂል ማንም እንዳይነካት አዘዘ። ቆመን አየናት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ፈራሁ። ጭጋጉ እየገባላት ቆይቶ፣ አልሐምዱሊላህ፣ መለስ አለች። እትዬ ቱርኪያ ከዚያ ወዲያ ሻርፓቸውን ነክሰው ነው የጠበቁት። ልጅቱ ድና ወጣች፤ አሁን የሠፈሩን እንቅልፍ ትነሳለች አሉ።

የተረፈውን መድኃኒት ሐጂ ለክፍሉ ተዉልን። በዚያው ሰሞን ቡዜ መጣች። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። የወንድ ልጇም ሕመም ያው ነበር። የሻንጣው ወሬ ኮሪደር ላይ ደርሷታል። ዐቂል ማስረዳት ሲጀምር አቋረጠችውና ወደ እኔ ዞረች።

«ሲስተር፣ እኔ ጅዳ ሰው የለኝም» አለችኝ።

ያለንን ሰጠነው። ቀላ፤ ጣቴን ያዘኝ። ከዚያ መድኃኒቱ አለቀ። ለሐጂ ደወልን። ለማያውቋት እናት ልጅ፣ እንደ ራሳቸው ደም፣ ሌላ አስመጡ። ሻንጣው እስኪደርስ ግን ልጁ አልጠበቀም። በዚህ ሥራ ብዙ ሸኝቻለሁ፣ ያ ልጅ ግን እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

ለእሱ የመጣው መድኃኒት ቁምሳጥናችን ውስጥ ተቀምጧል። ቁልፉን ለተተኪዬ ለሲስተር ሰላም አስረክቤያለሁ። የማን ነው ብላችሁ አትከራከሩ። ባለቤቱ ገና አልተወለደም።

እንግዲህ አፉ በሉኝ፣ ያስቀየምኩት ካለ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፤ የልጆቻችሁን ወግ ማዕረግ ያሳያችሁ። እጃችሁ የነካው ሁሉ ይዳን። ያ የመድኃኒቱ ባለቤት ሕፃን በመጣ ቀን ደግሞ፣ እናቱ ጅዳ ሰው የለኝም ካለቻችሁ፣ ደሴ አለሽ በሏት።