ዶን ሊሳንድሮ ብሪሴኞ፣ ለከሃዲው የንስሐ ጊዜ የለመኑ ደራሲ

ዛሬ በጸሎት የምንሸኛቸው ዶን ሊሳንድሮ ብሪሴኞ ከአናጺው አባታቸው ከዶን ፋቢያንና ከእናታቸው ከዶኛ ሬሜድዮስ እ.ኤ.አ. በ1946 በዚሁ በከተማችን በቦኮኖ ተወለዱ። ፊደልንና ትምህርተ ክርስቶስን በቁምስናው ትምህርት ቤት ተምረው፣ ሥነ ጽሑፍን በሜሪዳ አጥንተው ከተመለሱ በኋላ እስከ ጡረታቸው ድረስ በመምህርነት አገልግለዋል። ዶኛ ኦቲልያ ሮሳሌስንም በተክሊል አግብተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

ስማቸውን ያስጠራው ስለ ደመናው መንግሥት የጻፉት ባለ አምስት ቅጽ ምናባዊ ታሪክ ነው። በታሪኩ ዘንዶም ጠንቋይም ሞልቷል፤ ክፉ ሆኖ የተፈጠረ ግን አንድም የለም። ኃጢአት ሰውን ክፉኛ እንደሚያቆስል ሳይሸሽጉ፣ እግዚአብሔር በጎ አድርጎ የፈጠረውን ጨርሶ ሊያጠፋ እንደማይችል አምነው ጻፉ።

በአራተኛው ቅጽ ወንድሙን ለጠላት አሳልፎ የሰጠው ኦርዳል አንባቢውን ሁሉ አስቆጣ። የሰፈራችን ሰዎችም ደራሲውን ለማክበር ብለው እንደ አገራችን ልማድ በትንሣኤ እሑድ የሚቃጠለውን፣ ጌታን አሳልፎ የሰጠውን የይሁዳን ምስል በኦርዳል መልክ ሠርተው፣ ችቦውን ለእርሳቸው ሰጡ። ዶን ሊሳንድሮ በሳንባ ሕመም እየተሠቃዩ፣ የኦርዳልን መጨረሻ ሳይጽፉ እንዳይሞቱ ይሰጉ ነበር፤ መጨረሻው ያልተጻፈለትን ሰው ማቃጠል ስላልፈለጉም ችቦውን አልተቀበሉም።

ርችት ሠሪው ጎረቤታቸው ዶን ኔፍታሊ፣ «ምነው ዶን ሊሳንድሮ! ራስዎ የወለዱትን ጉድ ራስዎ ያቃጥሉት እንጂ! ሆዱን ርችት ስጠቀጥቅ ወገቤ ተቆርጧል» አሏቸው።

«ኧረ ተው ኔፍታሊ፣ ሰውዬው ገና ንስሐ አልገባም። ምን አስቸኮለህ?»

«እሱ? ይገባል ብለው ነው?»

«እኔ እንጃ። እኔም እየጠበቅኩት ነው።»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ምስሉም በሌላ ሰው እጅ ተቃጠለ። እርሳቸው ግን ቤታቸው ገብተው፣ አሳታሚያቸው ኦርዳልን ዘንዶ እንዲያስበሉት ቢወተውታቸውም፣ ኦርዳል በደሉን በስሙ ጠርቶ ከወንድሙ እግር ሥር የወደቀበትን ምዕራፍ ጽፈው አምስተኛውን ቅጽ ፈጸሙ። ዶን ኔፍታሊ አንብበው ሲጨርሱ፣ «እኛ አቃጠልነው፣ እርስዎ ከእሳት አወጡት» አሏቸው።

ከዚያም ሕመማቸው ጸንቶ፣ ተናዝዘውና ምስጢረ ቀንዲልን ተቀብለው ባለፈው ማክሰኞ በ78 ዓመታቸው ዐረፉ። በአልጋቸው ዙሪያ ለነበርነውም፣ «በቀብሬ ላይ ጻድቅ ነበር ብላችሁ እንዳታነቡብኝ። እንዲያ ካላችሁ ማን ይጸልይልኛል?» ብለው ነበርና፣ ቁጡ እንደነበሩ፣ ከታናሽ ወንድማቸውም ጋር ዘጠኝ ዓመት ተኳርፈው እንደታረቁ እዚህ ላይ እንናገራለን።

ዶኛ ኦቲልያን፣ ልጆቻቸውን ግሬጎሪያንና ማውሮን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ወንድማቸውን ዶን አቤላርዶንና ያስተማሯቸውን ሁሉ ትተው ሄደዋል። በጎ አድርጎ የፈጠራቸው ጌታ ኃጢአታቸውን ይቅር ብሎ ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ይቀበልልን፤ እናንተም ዛሬ ሳትጸልዩላቸው ወደ ቤታችሁ አትሂዱ።